እሳቱን ማን ያየዋል?

ጎፋ ሰፈር፣ አያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ዝቅ ብሎ የአጎቴ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። አጎቴ ነጭ ጋዎን ለብሶ፣ አፍሮውን አበጥሮ፣ አንዲት ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ግንባሩን ቋጥሮ ያያታል። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተነፋ ጠርሙስ፣ ከአንገቱ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ ረጅም ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ ሌላ ጠርሙስ። ሥራው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ረዳት ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን የሞት መድኃኒት ሊያገኝ አንድ ሐሙስ የቀረው ሊቅ ይመስላል።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ግምት ይጀመራል። አንዱ "የደም መመርመሪያ ነው" ይላል፤ ሌላው "የባትሪ አሲድ ነው።" ለቡና የተጠሩ አንድ ጎረቤታችን "ቦምብ እንዳይሆን ብቻ" ብለው በርጩማቸውን ከግድግዳው ራቅ አደረጉ። አያቴ ቀረብ ብላ አየችና ፈረደች፦

"አረቄ እያወጣ ነው። ግን እሱ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሳቱን ማን ያየዋል?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እውነቷን እንደነበር የገባኝ ኬሚስትሪ ስማር ነው። መሣሪያው የተጣራ ውሃ ማውጫ ነበር። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል። የአያቴ ጓሮ ማሰሮ፣ መቃውና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረው መቀበያም የሚሠሩት ይኸንኑ ነው። የአጎቴ ውስጡን ያሳያል፤ የእሷ ያሰክራል።

ያኔ ፎቶ የሚነሳ ሰው ያልሆነውን ሆኖ ይወጣ ነበር። እናቴ በወጣትነት ፎቶዋ የፎቶ ቤቱን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላለች፤ ገመዱ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ የትም አይደርስም። እኛ ልጆቿ "እውነተኛው ነፋስ ስልክ" እያልን እንስቅባት ነበር።

ጎፋ ያለበት አካባቢ ስም፣ ነፋስ ስልክ፣ ራሱ እንዲህ ካለ ግምት የመጣ ነው ይባላል። ያለ ሽቦ የሚያወራ መሣሪያ በዚህ በኩል ሲቆም፣ ሽቦ ከሌለው ወሬውን የሚያደርሰው ነፋስ ነዋ! ወደ አቃቂ ዝቅ ብሎ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የሬዲዮ ማሰራጫ እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ልትወረን ጦር ስታከማች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም አቤት ያሉት በዚሁ ጣሊያን በሠራችው አፍ ነበር።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማንም ያኔ ፎቶ አንሺ ቢያገኘው ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነብሰው ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያጎነበሰው ወንዝ ዳር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ አረፋው በሚወርድበት በኩል ቢልሃርዚያ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት አስገኘለት። አያቴም ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር።

ዛሬ የላብራቶሪ ዕቃ ድፍን ሣጥን ሆኗል፤ ማሰሮ ነው መቃ ነው ብሎ የሚገምት እንግዳም የለም። ባለፈው የአጎቴን ፎቶ አውርጄ አቧራውን ስጠርግ ዓይኔ ከጠርሙሱ ሥር አረፈ። በንሰን በርነሩ አለ። የጋዙ ጎማ ግን ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ የትም አይደርስም።