ልቤ ወደ ሆዴ ወርዷል

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ከጨንቻ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቤታቸው ጥግ በተቆፈረች ጉድጓድ እግራቸውን አስገብተው፣ ከንጋት እስከ ምሽት መወርወሪያ ሲያመላልሱ ኖሩ። እኔን አስተምሮ ለባንክ ሠራተኝነት ያበቃኝ ያ መወርወሪያ ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አንድ ማታ እራት ላይ፣ መዳፋቸውን እምብርታቸው ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ ልቤ ወደ ሆዴ የወረደ ይመስለኛል፤ እዚህ ይመታል» አሉኝ። ግጥም እሞክራለሁና ንግግራቸው እንደ ቅኔ ጣመኝ። ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልወሰድኳቸውም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሆዳቸውንና ወገባቸውን ይዘው ጮኹ። ላብ አጠመቃቸው። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ስትጨምቅ እኔ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። ሆስፒታል ደርሰን ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ ያየው ሐኪም፣ ከልብ ተነሥቶ በሆድ የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ የሚባለው፣ አብጦ ኖሮ መፈንዳቱን በለሆሳስ ነገረኝ። ሳይነጋ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሕመም ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጤነኛው ቧንቧ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። 3 ሲደርስ አኒዩሪዝም ይባላል። በወንዶች 5.5 ሲሞላ ሳይፈነዳ እንዲጠገን ይመከራል። ከፈነዳ ብዙዎቹ ሐኪም ፊት ሳይደርሱ ያልፋሉ። ዋና መንሥኤዎቹ ዕድሜና ሲጋራ ናቸው፤ አባቴ ሁለቱም ነበሩባቸው። አልበርት አይንስታይንም እ.ኤ.አ. በ1948 ያበጠው ቧንቧው በሴሎፎን ተጠቅልሎለት፣ በ1955 ሲፈነዳ ግን ቀዶ ሕክምናውን አልፈልግም ብሎ ሞተ።

ንባቤን ያቋረጠኝ ግን የመጠገኛው ነገር ነበር፤ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሁዋን ፓሮዲ የተባለ ሐኪም በቦነስ አይረስ፣ ሆድ ሳይከፍት፣ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል የጨርቅ ቱቦ አስገብቶ ያበጠውን ቧንቧ ከውስጥ ገጠመው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከፖሊስተር የተሸመነ፣ የብረት አጽም ያለው፣ ከታች እንደ ሱሪ ለሁለት የሚከፈል ቱቦ ነው። በቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ተጣጥፎ ይገባል፤ ሐኪሙ በኤክስሬይ እያየ ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ይዘረጋዋል። ደሙ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል፤ እብጠቱ ከግፊቱ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከእንግሊዝ ከተማ ከኖቲንግሃም፣ የፈነዳም በዚሁ መንገድ መጠገኑ ተዘገበ። አንዳንዱ ሕመምተኛ ብሽሽቱ ብቻ ደንዝዞ፣ ነቅቶ እያለ ይታከማል።

ተአምር ነው አልልም። በ613 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የወጣው ጥናት፣ በ30 ቀን ውስጥ በጨርቁ መንገድ እንዲታከሙ ከተመደቡት 35፣ ሆዳቸው እንዲከፈት ከተመደቡት 37 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። በሦስተኛው ዓመት ግን 48 እና 56 በመቶ ሆነ። ለዚያም ሌሊቱን የሚነቃ ባለሙያ፣ የምስል መሣሪያ፣ በየልኩ የተዘጋጀ ጨርቅ ያስፈልጋል። አባቴን ያድናቸው ነበር ብዬ መማል አልችልም።

የሚቆጨኝ ከዚያ የሚቀድመው ነው። እብጠቱን ለማወቅ ሳይቆርጥ ሳይወጋ በደቂቃዎች የሚያልቅ አልትራሳውንድ ይበቃል። ዕድሜ ልካቸውን ድርና ማግ ሲያዋድዱ የኖሩት ሰው፣ ድርና ማግ ሊታደገው በሚችል ሕመም ሲያዙ፣ በአፋቸው ነግረውኝ ነበር።

ጉድጓዷ ዛሬ በጣውላ ተከድናለች። ያቺ ዐረፍተ ነገርም ማስታወሻዬ ላይ አለች፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ግጥም አልሆን አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ያረጁ አባትዎ «ሆዴ ውስጥ ልብ ይመታል» ካሉዎት ቅኔውን ለኋላ ያቆዩት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።