የሚዲ ቦይና የዛፎቹ ጥላ

በደቡብ ፈረንሳይ ከቱሉዝ ከተማ ተነሥተን፣ ጎማው ሰፋ ባለ ብስክሌት የሚዲን ቦይ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ሜዲትራንያን ባሕር አቅጣጫ ተጓዝን። ቦዩ 240 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ መንገዱም ቀድሞ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ ይመላለሱበት የነበረው ነው። ከከተማው ስንርቅ በአስፋልቱ ፈንታ ጠጠርና የዛፍ ሥር ስለ መጣ፣ ዐይናችንን ከመሬት ማንሣት አልተቻለንም።

ቦዩን ያስቈፈረው ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ ሰው ነው። ሥራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1666 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1681 ለጀልባ ሲከፈት፣ እርሱ በ1680 ሞቶ ስለ ነበረ የድካሙን ፍጻሜ አላየም።

በግራና በቀኝ የቆሙት፣ ፕላታን የሚባሉት ታላላቅ ዛፎች የተተከሉት በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ቍጥራቸው 42,000 ያህል ነበር። በ2006 ግን ፈንገስ የሚያመጣው፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ታየባቸው፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙዎቹ ተቈርጠዋል። ስለዚህ በአንዳንዱ ስፍራ በቀዝቃዛ ጥላ፣ በሌላው በጠራራ ፀሐይ እናልፍ ነበር። በምትካቸው የተተከሉት ችግኞች የዚያን ያህል ጥላ ገና አይሰጡም።

እንግዲህ ያሳረፈን ጥላ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ለማያውቁት መንገደኛ የተዉት ርስት ነው። ዛሬም ችግኝ የሚተክለው ሠራተኛ ከሥሩ ላያርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ይተክላል።