ከባሌ ደጋ፦ የባህል ፍርድ ቤትና አሳዳጊ ያጣ ልጅ



ከሻሸመኔ ተነሥቶ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤና ጎባ የሚደርሰው መንገድ የሚያቋርጠው የባሌ ደጋ፣ በስንዴና በገብስ ማሳው፣ እንዲሁም ከጎባ በላይ 4,000 ሜትር ከፍታን በሚያልፈው የሰነቴ አምባ የታወቀ ነው። ሕግን ለሚያጠና ሰው ግን አገሩ ከዚህ የማያንስ ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም ወላጆቹ የሞቱበትን ወይም የተለያዩበትን ልጅ ማን ያሳድገው የሚለው ጥያቄ ለመደበኛው፣ ለሸሪዓው ወይም ለባህል ፍርድ ቤት ሊቀርብ መቻሉ ነው።

ሦስቱ ዳኝነቶች እንዲህ ጎን ለጎን የቆሙት በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 3347፣ ሕጉ ራሱ በደነገገባቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማድ ሽሮ ነበር፤ ሆኖም በገጠሩ ሽማግሌ መቀመጡ፣ የተጣላ ማስታረቁና ካሣ መቁረጡ አልቀረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቀደ፤ በአንቀጽ 78 ደግሞ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች እነዚህን ፍርድ ቤቶች ሊያቋቁሙ ወይም ዕውቅና ሊሰጧቸው እንደሚችሉ ደነገገ። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያም በዚሁ ሥልጣን ተጠቅሞ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው።

ለልጅ ጉዳይ የባሌ ሽማግሌ እንግዳ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚባለው የኦሮሞ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ ከሌላ የተወለደን ልጅ በሽማግሌዎች ፊት የራሱ አድርጎ የሚቀበልበት ሲሆን፣ ልጁ የአሳዳጊውን ጎሳ ይይዛል፣ እንደ አብራክ ክፋይ ይወርሳል፣ ለአሳዳጊዎቹ በኋላ ልጅ ቢወለድላቸው እንኳ ቦታውን አይለቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻን ተቀብሎ፣ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ ስምምነቱ ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንደማይጸና ደንግጓል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከከለከለ ወዲህ፣ ዘመድ ከዘመድ አዛምዶ ለልጅ ቤት የሚያገኝ ዳኝነት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ማን የማን አጎት እንደሆነ፣ የትኛው ቤት እንደሚታመንና የትኛው እንደማይታመን የሚያውቀው የሠፈር ሽማግሌ፣ ፋይል ብቻ ከሚያይ ዳኛ የሚበልጥበት ነገር እንዳለው መካድ አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው ፈቃድ ከሚለው ቃል ነው። ሕገ መንግሥቱ የጠየቀው የተከራካሪዎችን ፈቃድ ነው፤ ተከራካሪ ሆነው የሚቆሙት ግን አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አያት ናቸው እንጂ ልጁ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በባሌ ይህ ከባድ ውጤት አለው፤ በእስልምና ሕግ ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ የተመሰገነ ሥራ ቢሆንም የዘር ሐረግንና የውርስ መብትን ስለማያስተላልፍ፣ በጉዲፈቻ ሥርዓት ወራሽ የሚሆነው ልጅ በሸሪዓው ላይሆን ይችላል። ታላላቆቹ የመረጡት ችሎት የልጁን ርስት ወሰነ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጅ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛልና፣ ይህ ትእዛዝ ሽማግሌውንም ሊያስር ይገባል።

በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ነገሩ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። ከ4ቱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ቢያንስ አንዱ ከቤተሰቡ ተነጥሎ በሌላ ቤት ወይም ተቋም መቀመጡ በጥናት ከታየ በኋላ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ በጎሳው ክልል በሚኖር ልጅ ጉዳይ ላይ በአብዛኛው የሚዳኘው የጎሳው ፍርድ ቤት ብቻ እንዲሆን፣ ልጅም ሲሰጥ መጀመሪያ ለዘመድ፣ ቀጥሎ ለጎሳው አባል እንዲሰጥ አደረገ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጽንቶታል። የዚያ አገር ሕግ የወጣው ልጅ ከሕዝቡ እንዳይወሰድ ሲሆን፣ የባሌው የባህል ፍርድ ቤት ግን ልጁን ከገዛ ዘመዱም ጭምር መጠበቅ ይኖርበታል፤ የሟች ወንድም መሬቱን ፈልጎ ልጁን ቢጠይቅ፣ ወይም የልጅቷ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በዕርቅ ስም ቢቀርብ ለልጁና ለልጅቷ የሚቆምላቸው ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን ኃይል በባህሉ ውስጥ አለ። ሲንቄ የሚባለው፣ ለአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የሚሰጣት ቀጭን በትር፣ ያገባች ሴት መብትና ክብር ምልክት ነው፤ ሴት ስትበደል ሀደ ሲንቄዎች፣ ማለትም በትሩን የያዙ እናቶች፣ ተሰብስበው ይወጣሉ፣ በዳዩም ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። እነዚህ እናቶች በልጅ ጉዳይ ላይ ከሚፈርዱት መካከል ካልተቀመጡ፣ ችሎቱ ባህላዊ መባሉ ግማሽ እውነት ነው።

ከአንባቢዎች መካከል በሕግ ሙያ ያላችሁ፣ በልጅ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የባህል ፍርድ ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ልጁ መናገር በሚችልበት ዕድሜ ላይ ከሆነ ለብቻው እንዲሰማ፣ መደበኛው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን እንዲመረምር ድምፃችሁን አሰሙ።