አልጎርስም ያለው ሽጉጥና አባዬ

ወዳጆቼ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ቡና የቀረበለት ቡናውን ይዞ ያንብብ። ስለ ሽጉጥ ነው የምጽፈው። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት እዚህ ቨርጂኒያ በምሠራበት ማደያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም፣ ፊቱን የሸፈነ ልጅ ገባና ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደገነ። ያለውን ብር ሰጠሁት፣ ሄደ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አልነካኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። ለባለቤቴ ነገርኳት። አገር ቤት ላሉት ግን ትንፍሽ አላልኩም። ስደት ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ እናት አባት ሲደውሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚባለው።

ከወር በኋላ ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልቼ አዲስ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዛሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ባለቤቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በመጨረሻ «ተቆልፎ ካልተቀመጠ፣ አንተም በደንብ ካልተማርክ እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ልክ ነበረች፣ ልጆች አሉን።

መጀመሪያ ቀን ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሄጄ 50 ጥይት ተኮስኩ። 11 ጊዜ ነከሰብኝ። አዲስ ሽጉጥ! ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ! የቦታው ሠራተኛ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ 200 ያህል ጥይት ሲተኮስበት ይፍታታል» አለኝ። እኔ ግን በልቤ «ሸወዱኝ» ብዬ ልመልሰው ወስኜ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት እሑድ አባዬ ጋ ደወልኩ። አባዬ አንኮበር ናቸው፣ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆነው መሣሪያ ጥገና ላይ ሠርተዋል። እዚህ ቀትር ሲሆን እዚያ መሽቷል፤ ጉሙ ወርዶ ቤቱን ሸፍኖታል፣ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። «ለልምምድ ሽጉጥ ገዝቼ ነበር፣ ይነክሳል» አልኳቸው። ለምን እንደገዛሁ ግን አልተናገርኩም።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሽጉጡ አልነበረም። «ሲነክስብህ አፈሙዙን ወዴት አዞርከው?» አሉኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ጎን አዙሬው ሠራተኛው ጮኾብኝ ነበር።

ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «የአጎትህን ዓይን ረሳኸው?» አሉ።

አልረሳሁም። ልጅ ሆኜ ነው፤ ቆላው ወርደን ሰርግ ላይ አጎቴ ለደስታ ወደ ሰማይ ሊተኩስ ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ፣ ከሸፈ። ወዲያው ከፈተው። ጥይቱ ግን ዘግይቶ ነው እንጂ አልከሸፈም ነበር። ባሩዱ የተቀጣጠለው መዝጊያው ሲከፈት ነውና ቀለሁ ተቀዶ ስብርባሪው ግራ ዓይኑን አጠፋው። ሰርጉ ለቅሶ ሆነ። አጎቴ እስከ ዛሬ ሰርግ ቤት አይሄድም።

«ስማኝ» አሉ አባዬ። «ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ ቁጠር። እስከ ሠላሳ ቁጠር፣ አትቸኩል። ከዚያ ነው የምታወጣው። ደግሞ ድምፁ ከወትሮው ከላመብህ ፈጽመህ አቁም። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ሌላ ጥይት ስታስከትል በርሜሉ ይፈነዳብሃል። ጣትህም ካልተኮስክ በቀር ምላጭ ላይ አትኑር። ይህን ማልልኝና ስለ ንክሻው እናወራለን።» ማልኩ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። «ነከሰ ብቻ አትበለኝ። ሲጎርስ ነው የነከሰው ሲተፋ?»

ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ሲያብራራልኝ ግማሹ አልገባኝም ነበር። በአማርኛችን ግን ነገሩ የገበታ ያህል ቀላል ነው። ጥይት ይጎርሳል፣ ቀለህ ይተፋል፣ መሐል ላይ ከተያዘ ነከሰ ይባላል። ጥይቱ ሲተኮስ ግፊቱ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚያ ጉዞው ትንሽ መንጠቆ ባዶውን ቀለህ ከበርሜሉ ይመዘዋል፤ ቀለሁ ከኋላ ካለች ጉጥ ጋር ይጋጭና በመስኮቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። የካዝናው ጠምዛዛ ሽቦ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ያነሳል፤ ብረቱ ወደ ፊት ሲመለስ እየገፋ ያጎርሰዋል። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚያልቀው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የነበረው የአያቴ ውጅግራ ግን አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚጎርሰው፤ የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ነው በእኛ አፍ ውጅግራ የሆነው።

አባዬ ሦስት ነገር አዘዙኝ። ካዝናዎቹ ላይ ቁጥር ጻፍባቸው። በነከሰ ቁጥር በየትኛው ካዝና እንደሆነና ምን እንዳየህ ደብተር ላይ አስፍር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። «ሁሉንም አንድ ላይ ከነካካኸው ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቅም» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ በ50 ጥይት እንደገና 11 ጊዜ ነከሰ፤ አሁን ግን ደብተር ነበረኝ። አራቱ ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ በርሜሉ መግቢያ ላይ የቆመባቸው ነበሩ። ሁለቱ ብረቱ እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ የቀረባቸው። አምስቱ ደግሞ ባዶው ቀለህ መስኮቱ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የተያዘባቸው። አንድ በሽታ የመሰለኝ ሦስት ነበር።

«አጽድተኸዋል?» አሉኝ አባዬ። አዲስ ዕቃ ምኑ ይጸዳል? ሳቁብኝ። ከፋብሪካ የሚቀባው ወፍራም ቅባት መጋዘን ውስጥ እንዳይዝግ እንጂ ሊሠራበት አይደለም። እሳቸውም በጦሩ ውስጥ አዲስ ክላሽ ከሣጥን ሲወጣ ቅባቱን በጨርቅ ሲጠርጉ ነበር የሚውሉት። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቼ፣ መመሪያው በሚለው መሠረት ፈትቼ ጠረግኩት፤ ተንሸራታቹ በሚሄድበት ሐዲድ ላይ ስስ ዘይት ብቻ አደረግሁ። «ብረቱ ይራስ እንጂ አይንጠባጠብ» ነው ያሉት። ሳይዘጋ መቅረቱ በዚያው ጠፋ።

ያለመጉረሱ ነገር ደግሞ ደብተሩን ስናይ አራቱም በካዝና ቁጥር 2 ነበሩ። በካዝና 1 አንድም የለም። ከንፈሩን ሳስተያየው አንዱ ጎን በጥቂቱ ተጣሟል። ፋብሪካው ያለ ክፍያ ቀየረልኝ። እኔ እኮ ሽጉጡን በሙሉ ልመልስ ነበር!

የቀረው ቀለህ አለመትፋቱ ነው። ጥይቱን ቀየርኩ፤ 7 ግራም ተኩል ከሚመዝነው እርሳስ 8 ግራም ወደሚመዝነው። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በ50 ጥይት ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ ይይዛል። ሠራተኛው «ስጠኝማ» ብሎ ያንኑ ሽጉጥ፣ ያንኑ ጥይት፣ ሁለት ካዝና ሙሉ ተኮሰ። አንድም አልነከሰም። አፈርኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ትንሽ ልበል። ከእኛ ደጅ የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ያለበት ጉብታ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከስጦታዎቹ መካከል ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በግመል ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አጣቸው፤ እንጦጦ ወጥቶ ነው የሸጠላቸው። በ1879 የመጣው የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ግን የመጣው ከእጁ ሙያ ጋር ነበር፤ ኖሮ የምኒልክ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። ልጅ ሆኜ አባዬ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያደንቁት ጠመንጃ ያመጣውን ሳይሆን ዕቃ መሥራት የሚያውቀውን ነበር። አሁን ገባኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስተኩስ ቪዲዮ አስቀርጬ ላክሁላቸው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። አባዬ ደውለው አያውቁም፣ ደነገጥኩ።

«አየሁት» አሉ። «እጅህ ይሸሻል። ብረቱ ወደ ኋላ ሲሄድ እጀታው ባለበት ካልቆመ ጉዞውን አይጨርስም፤ ቀለሁን ሳይወረውር ይመለስና ይነክሰዋል። የእጅህ አንጓ ላልቷል።»

«እሺ፣ አጠነክረዋለሁ» አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዓይንህን ትጨፍናለህ። ከተኮስክ በኋላ አይደለም፤ ሳትተኩስ ነው የምትጨፍነው። በልጅነትህ ርችት የማትፈራ ልጅ ነበርክ።» ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ። አሥራ አንድ ወር የያዝኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ማደያውን፣ ልጁን፣ ግንባሬ ላይ ያረፈውን ብረት፣ በሩ ሲከፈት የሚሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎልማሳ ሰው ሆኜ አለቀስኩ። ከወዲያ በኩል ድምፅ የለም። ከዚያ እማዬ «ምን ሆነ? ምን ሆነብኝ?» ስትል ሰማሁ፤ አባዬም «ምንም አልሆነም፣ ተርፏል» አሏት።

ስልኩን መልሰው ሲይዙ አልተቆጡም። «እኔም ከጦር ሜዳ ስመለስ በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር እገባ ነበር» አሉኝ። ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «እናትህ ናት የምታውቀው። ይኼን ነበር መጀመሪያ የምትነግረኝ። እኔ የብረት በሽታ ስፈልግ ከረምኩ።»

ከዚያ በኋላ የሌሊት ፈረቃውን ተውኩ፤ ገቢዬ ቀነሰ፣ እንቅልፌ ግን ተመለሰ። ሐኪምም አማከርኩ። ልምምዱንም አልተውኩም። ጓደኛዬ እኔ ሳላይ ካዝናው ውስጥ ባሩድ የሌላቸውን የልምምድ ጥይቶች እየቀላቀለ ይሰጠኝ ነበር። የውሸቱ ሲደርስ ሽጉጡ አይጮህም፤ የእጄ መደንገጥ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ቀን አፈሙዙ ቁልቁል ሲደፋ አይቼ ሳቅሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? በአምስተኛው እሑድ ዝም አለ። ባለፈው እሑድ 150 ጥይት ተኮስኩ፣ አንድም አልነከሰም።

ለአባዬ ስነግራቸው «በል አጽዳውና ቆልፍበት» ብቻ አሉ። ሽጉጡ በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ተቆልፎ ተቀምጧል። የአንዱ ቁልፍ ባለቤቴ ጋ ነው፤ እሷ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው።

አገር ቤት ላላችሁ ወንድሞቼ ሁለት ቃል ብቻ። መሣሪያ ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያስመዝግብ፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ ደግሞ እባካችሁ አትተኩሱ፣ የአጎቴን ዓይን አስቡ። ውጭ ላላችሁ ደግሞ፣ «ደህና ነኝ» የምትሉት ደህና ሳትሆኑ ከሆነ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ እነሱ ጋ ገና አልመሸም። ደውሉ።

አባዬ ፌስቡክ የላቸውም። ጎረቤላ ያላችሁ ይህን አንብቡላቸው፤ ስለ አልጋው ሥር ያለውን ግን ዝለሉት።