ያልተቆጠሩት ገድሎች

«ጀግና ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚስለው ጋሻና ጦር ያነገበ ክንደ ብርቱ ነው። የጥንት ግሪኮችን አፈ ታሪክ ላይ ላዩን ላነበበ ሰው ሄርኩለስም ከዚህ ሥዕል የራቀ አይመስልም። ይሁን እንጂ ያን ባለ አንበሳ ለምድ ጀግና በተውኔት ጸሐፊ ዓይን ቀረብ ብዬ ስመለከተው፣ ከጡንቻው ይልቅ ሐሳቡ ይስበኛል።

በአፖሎዶሮስ ስም የሚጠራው የአፈ ታሪክ ስብስብ እንደሚተርከው፣ ለሄርኩለስ በመጀመሪያ የታዘዙት ገድሎች 10 ብቻ ነበሩ። ቁጥራቸው ወደ 12 ከፍ ያለው ንጉሥ ኤውሪስቴዎስ ሁለቱን «አልቆጥርም» በማለቱ ነው። አንደኛው ሃይድራ የተባለችው ባለ ብዙ ራስ ዘንዶ ግድያ ነው። አንዱ ራሷ ሲወድቅ በምትኩ ሁለት ይበቅላል። ጉልበት ችግሩን እንደሚያባዛው የተረዳው ጀግና የወንድሙን ልጅ ኢዮላዎስን ጠርቶ አንገቶቹን በእሳት አስተኮሰ። ንጉሡም «ረዳት ነበረህ» አለው። ሁለተኛው በከብት ብዛት የታወቀውን የአውጌያስን በረት በአንድ ቀን መጥረግ ነው። ሄርኩለስ አካፋ አላነሣም፤ አልፌዎስንና ፔኔዎስን፣ ሁለቱን ወንዞች፣ ጠልፎ በበረቱ ውስጥ ለቀቃቸው። ንጉሡም «ዋጋ ተዋውለሃል» ብሎ ሻረበት።

ልብ በሉ፤ የተሻሩት ሁለቱ ገድሎች አንዱ በትብብር፣ ሌላው በብልሃት የተፈጸሙ ናቸው። የእኛ አባቶች ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የራሳችንን ዘንዶ ገዳይ አንጋቦንም አስታውሱ። በአዲስ አበባ ገበያ በሚሸጡት የንግሥተ ሳባ ባህላዊ ሥዕሎች መጀመሪያ ላይ የምናየው ይህ ሰው፣ ሕዝቡን በግብር ያስጨነቀውን አርዌን በጦር አልገጠመውም። መርዝ ያበላትን ፍየል አቀረበለት። በአንዳንዱ አተራረክ እንዲያውም ዋጋውን አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር ተዋውሏል፤ ሆኖም የእኛ ተረት ገድሉን አልሻረበትም፣ አነገሠው እንጂ።

ነገር ግን ሁለቱም ተረቶች ዝም ያሉት ጥያቄ አለ። ያ ሁሉ እበት ወዴት ሄደ? ከአውጌያስ በረት በታች፣ በወንዙ ዳር፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው አልነበረምን?

ይህን የምጠይቀው በአቃቂ ቃሊቲ ስለምኖር ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ኮረብቶች ተነሥተው፣ ከተማይቱን አቋርጠው፣ የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ እኛ ይወርዳሉ። ከዚያም በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ በሆነው በአባ ሳሙኤል ግድብ ተኝተው እንቦጭ ያበቅላሉ፤ በመጨረሻም አዋሽን ይቀላቀላሉ። በዳርቻቸው ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያም አትክልት ተመልሶ ወደ ከተማይቱ ገበያ ይወጣል። ከተማይቱ ከምትጠጣው ውሃም ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ስለዚህ የላይኛው ሰው በረቱን ወደ ታች ሲያጥብ፣ ወደ ራሱ ማዕድ ማጠቡ ነው።

በርግጥ ሙከራ የለም አይባልም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነበር። ዳርቻን ማስዋብ መልካም ነው። እኔ በታችኛው ጫፍ የምኖረው ሰው ግን ሥራውን የምመዝነው በመናፈሻው አበባ ሳይሆን፣ አቃቂ ድልድይ ሥር በሚያልፈው ውሃ ቀለምና ሽታ ነው።

ወደፊት በመድረካችን ላይ ላየው የምመኘው ጀግና እንግዲህ ወንዝ መጥለፍ የሚችለውን ብቻ አይደለም። ወንዙን ከመልቀቁ በፊት ቁልቁል ወርዶ፣ በታች ያለውን የጎመን ገበሬ «ውሃው አንተ ዘንድ ሲደርስ ምን ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቀውን ነው። ኤውሪስቴዎስ ይህን ገድል ላይቆጥረው ይችላል። በዳርቻው የሚያለማው ገበሬ ግን ይቆጥረዋል።