«10 ማይክሮን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ የጥገና ኃላፊ ነበርኩ። የአንዱ ኤክስካቫተር ዋና የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሁለት ሳምንት ሲጮህ ከርሞ ሞተ። ስንፈታው ውስጡ በጥፍር የተቧጨረ ይመስላል። ከታንከሩ ሥር የቀዳነው ዘይት ፀሐይ ላይ ሲያዩት የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ማሽኑ ቆመ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው «ኦፕሬተሩ በብርድ ጠዋት ማሽኑን ሳያሞቅ ስለሠራ» ብሎ ጻፈና ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው ሰው ደመወዝ ላይ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ክሱ መሠረት የሌለው አልነበረም። በብርድ ዘይት ይወፍራል። የወፈረ ዘይት በፊልትሮ ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምርና ፊልትሮው እንዳይፈነዳ የተቀመጠች ትንሽ ቫልቭ ትከፈታለች። በዚያች ሰዓት ዘይቱ ሳይጣራ በአቋራጭ ያልፋል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ጠዋት ማሽን አስነሥቶ ወዲያው መቆፈር ጥፋት ነው። ጋሼ ግን ይህን አላደረጉም። ሞተሩን አስነሥተው፣ ቁርሳቸውን ጨርሰው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ነው ሊቨር የሚነኩት። በዓይኔ አይቻለሁ። ኮሚቴው ፊት ግን አልተናገርኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ፊልትሮውን ያስገዛሁት እኔ ስለነበርኩ ነው። ውስጤ የሆነ ነገር ጠርጥሯል።

የግዥ መጠየቂያው ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፤ የማሽኑ ሞዴል፣ ቁመት፣ ውፍረት፣ «10 ማይክሮን»። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበና ዝቅተኛውን ወሰደ። ዋጋው የኦርጅናሉ ሲሶ ነበር። ቁመቱ ልክ፣ ውፍረቱ ልክ፣ ካርቶኑ ላይም 10 ማይክሮን ተጽፏል። ግዥ ክፍል ምን አጠፋ? የጠየቅኩትን ነው የገዛልኝ።

ከፓምፑ ጋር የወጣውን ያንን ፊልትሮ በፌስታል ጠቅልዬ ቢሮዬ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጬው ነበር። የጋሼ ደመወዝ ሁለት ወር ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አወጣሁትና በቢላ ቀደድኩት። የወረቀቱ ሁለት ጫፍ የተጣበቀበት መስመር ጣት በሚያስገባ ስፋት ተከፍቷል። እጥፋቶቹ ከአንድ ወገን ተገፍተው እንደ አሮጌ አኮርዲዮን ተጨፍልቀዋል። በኦርጅናሉ ላይ የቆጠርኳቸው እጥፋቶች ከዚህኛው በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ይህ ማለት ያ ሁሉ ዘይት፣ ማሽኑ ሞቀም አልሞቀ፣ በተከፈተው በር እየገባ ነበር። ከፓምፑ በፊት ያለው ወንፊት ደግሞ ጠጠር የሚያክለውን እንጂ ደቃቁን አይዝም።

አሁን ስለዚያ «10 ማይክሮን» ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ዓይናችን ከ40 ማይክሮን በታች ያለውን ለይቶ አያይም። የፒስተን ፓምፕ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ግን በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ነው። ፓምፑን የሚበላው ቆሻሻ አይታይም ማለት ነው፤ «ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አይቼዋለሁ» የሚል መካኒክ ምንም አላየም። (በነገራችን ላይ፣ ከበርሜል አሁን የተከፈተ አዲስ ዘይትም ብዙ ጊዜ ለእነዚህ ፓምፖች በቂ ንጽሕና የለውም። በጨርቅ አጥልሎ ማፍሰስ ደግሞ የጨርቁን ብናኝ መጨመር ነው።)

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ማይክሮን ብቻውን ትርጉም የለውም። ጥያቄው ከዚያ መጠን ብናኝ ስንቱን ይይዛል ነው። ለዚህ አይሶ 16889 የሚባል ፈተና አለ። ቆሻሻ የተጨመረበት ዘይት በፊልትሮው ደጋግሞ እንዲዞር ይደረግና ከፊቱና ከኋላው ያለው ብናኝ ይቆጠራል። የገባው ለወጣው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ቤታ ይባላል። በ10 ማይክሮን ቤታ 2 ከሆነ፣ 10 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሁለት ብናኞች አንዱ ያልፋል። ቤታ 200 ከሆነ ከ200 አንድ ብቻ ያልፋል። ግማሹን የሚያሳልፈውም፣ 99.5 በመቶ የሚይዘውም፣ ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ «10 ማይክሮን» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ውሸት አይባልም።

ያ ብቻ አይደለም። ማጣሪያው ከወረቀት ነው ከመስታወት ቃጫ? በስንት ባር ግፊት ይጨፈለቃል? ያ ግፊት ቫልቯ ከምትከፈትበት በብዙ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ቫልቯ ከመከፈቷ በፊት ፊልትሮው ይፈርሳል። እኔ ዘንድ የሆነው ይህ ይመስለኛል። «ኦርጅናል ብቻ ግዙ» የሚሉም አሉ፤ አልስማማም። ከሌላ አምራች የመጣ፣ የፈተና ወረቀቱ የተሟላ ፊልትሮ ገጥሜ ከኦርጅናሉ እኩል ሲሠራ አይቻለሁ። ኦርጅናል የሚመስል ካርቶን ማሳተም ደግሞ ምንም አይከብድም።

ሰኞ ጠዋት የተቀደደውን ፊልትሮ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። የጋሼ ደመወዝ መቆረጡ ቆመ። የተቆረጠው የሁለት ወር ግን አልተመለሰም፤ «የተዘጋ ሒሳብ ነው» ተባለ። ጋሼን ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ብትናገር ኖሮ» ብለው ዝም አሉ። በዓመቱ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መጠየቂያዬ አንድ ገጽ ሆኗል። ግዥ ክፍል ያማርራል፤ መብታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ግዥ ላይ የምትሠራው ልጅ ደወለችልኝ። «ርካሹ ነጋዴ የቤታውን መስመር ባዶ ትቶታል፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ደውለሽ ጠይቂው አልኳት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሳ ደወለች።

«ጠየቅኩት።»

«ምን አለ?»

«ቤታ የሚባል ዕቃ አናስመጣም አለ።»