ባሮን ያሳየችኝ ልጄ

«እማዬ፣ ወንዙን ዛሬ እናያለን?»

የሰባት ዓመቷ ልጄ ጋምቤላ በሰነበትንበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደጠየቀችኝ አልቆጠርኩም። የኔ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ነገ»።

በአንድ የሳሙና አምራች ድርጅት ውስጥ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ የኔ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ይወርዳል። የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ሲከበር አብሮት ኤግዚቢሽንና ባዛር ስላለ፣ ድርጅታችንም ምርቱን ይዞ ይቀርባል። በዓሉ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. መነሻ አድርጎ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከበር ሲሆን፣ አዘጋጁ ከተማ ይለዋወጣል። በ2006 ጅግጅጋ፣ በ2007 አሶሳ ነበር። አሥረኛው፣ የ2008ቱ፣ ለጋምቤላ ደረሰ።

አምና አሶሳ ስሄድ ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ነበር። ስመለስ ያኔ ሁለት ዓመቱ የነበረው ማሙሽ እንደሌላው ቀን ሮጦ አልተቀበለኝም። የአያቱን ቀሚስ ይዞ ፊቱን አዞረብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። ዘንድሮ ለጋምቤላ ስመደብ ለባለቤቴ «አብረን እንሂድ» አልኩት። እሱ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። የኔን ትኬትና አልጋ መሥሪያ ቤቴ ይችላል፤ የሦስቱን ግን ከኪሳችን መክፈል ነበረብን። ለሶፋ ያሰብነው ዕቁብ ለዚህ ዋለ። እናቴ ስትሰማ «ልጆቹን ለወባ ልትሰጫቸው ነው?» ብላ ተቆጣች። ለሐኪም አማክረን፣ ረጃጅም እጅጌ ያላቸው ቀላል ልብሶች፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር ይዘን እንደምንሄድ ነግሬ አሳመንኳት፤ በከፊል።

ኅዳር 24 ከቦሌ ተነሳን። ልጄ ደመናውን፣ ከዚያ ደኑን፣ ከዚያም ሜዳውን በመስኮት እያየች ደረስን። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ከምጣድ ላይ አክንባሎ ሲነሳ እንደሚወጣው እንፋሎት ፊታችን ላይ መጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ጋምቤላ ከተማ ግን 500 ሜትር አካባቢ ናት። ልዩነቱን ማሙሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦ «እማዬ፣ ሹራቤን አውልቂልኝ!»

ከተማዋ በእንግዳ ተጨናንቃለች። ከየክልሉ የመጡ የባህል ቡድኖች በየባህል ልብሳቸው መንገዱን ሞልተውታል። በስልክ ያስያዝናቸው ሁለት ክፍሎች አንድ ሆነው ጠበቁን፤ ሁለተኛው ለሌላ እንግዳ ተሰጥቷል። መጨቃጨቅ ምንም አላመጣም። ለአራታችን አንድ ክፍል ያዝን፤ ባለቤቴ ከቤት ያመጣነውን አጎበር በገመድ ወጥሮ ለልጆቹ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋ። ልጄ «ድንኳን ሠራልን!» ብላ ጨፈረች።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ዕቃችን በጭነት መኪና በመቱና በጎሬ አድርጎ፣ ከደጋው ቁልቁል ወርዶ ደርሷል። ካርቶን መፍታት፣ ባነር መስቀል፣ ናሙና መደርደር፣ ከዚያ ቆሞ ማስረዳት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቡዛችን ውስጥ ነኝ። ጋምቤላ ማለት ለኔ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ጥላ ሆነች።

ለቤተሰቤ ግን እንዲያ አልነበረችም። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱም ይመጡና ልጄ የቀኑን ዜና ታነባለች። በመጀመሪያው ቀን ድልድዩን አየች። «ረጅም ነው እማዬ! ከሥሩ ሰው ይዋኛል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣ ይጠመዳል!» በሁለተኛው ቀን ከግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ ታንኳ አየች። በዛፍ ላይ የቆሙ፣ ከማሙሽ የሚበልጡ ራሰ በራ ወፎችም አየች። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ «ማሌ» ማለት አስተማራት፤ የኑዌሮች ሰላምታ ነው። ከዚያ በኋላ ቡዛችን የመጣውን ሰው ሁሉ «ማሌ!» ትለው ጀመር። አኙዋኩም፣ ከደጋ የመጣውም ይስቃል፤ ስቆም ይቆማል፤ ቆሞም ሳሙናውን ያያል። ደመወዝ የማይከፈላት ምርጥ የሽያጭ ሠራተኛ አገኘን።

ባለቤቴም የራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል። ክልሉ የአኙዋክ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ አገር እንደሆነ ያወቅነው በትምህርት ቤት ነው። እሱ ግን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ፣ አኙዋኩ ወንዝ ተከትሎ በቆሎና ማሽላ እንደሚያርስ፣ ዓሣም እንደሚያጠምድ፣ ኑዌሩ ከብቱን ይዞ ሣርና ውኃ እንደሚከተል ሲጫወቱ ዋሉ። ይቺ ከተማ ራሷ በንግድ የተቆረቆረች መሆኗ ደግሞ ለኔ የሚሆን ወሬ ነበር።

ነገሩ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ ተፈቀደ። ክረምት መጥቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዝ አድርገው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሸክም ከደጋው ወርዶ ይጫናል፤ እነሱ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ያራግፋሉ። በጣሊያን ወረራ መካከል ቢታወክም፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ እስክትወጣ ድረስ ጣቢያው በውጭ አስተዳደር ሥር ቆይቶ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ባለቤቴ «ውኃው ሲጎድል መርከቡ አይመጣም፤ ነጋዴውም መጠበቅ ነው» አለኝ። «ያንቺ ሥራ ግን ውኃ የሚጎድልበት ወር የለውም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ከወንዙ ማዶ የመጣች እናት ሳሙናችንን አገላብጣ አሸተተች። እኔ ስለ መዓዛው ማብራራት ጀመርኩ፤ በብሮሹሩ ላይ በትልቁ የጻፍነው እሱን ነው። እሷ ግን በሚሰባበር አማርኛ «የዓሣ ሽታ ያስለቅቃል?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አጠገቤ የነበረችው ልጄ ጣልቃ ገባች፦ «እማዬ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ሴቶች ትልቁን ሳሙና በክር ቆርጠው ይካፈሉታል።» ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ሦስት ቀን ስለ ገዢዬ ስሰብክ ስውል፣ ልጄ ገዢዬን ስታይ ውላለች። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩት።

ከዚያ ሌሊቱ መጣ። ኅዳር 28 ለ29 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማሙሽ ሲያቃስት ነቃሁ። ሰውነቱ ፍም ሆኗል። እናቴ የተናገረችው ቃል በጆሮዬ ጮኸ። ልጄን ለሆቴሉ አስተናጋጅ እህት አደራ ብለን በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም በረርን። ተረኛዋ ነርስ ጣቱን ወጋ አድርጋ ደም ወሰደች። ያቺን የመጠበቂያ ጊዜ ለጠላትም አልመኛት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ወባ የለበትም» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የወባ ምልክት ትንኟ ከነከሰች በኋላ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስዳል፤ እኛ ደግሞ ገና አራት ቀናችን ነው። «ቢሆንም ትኩሳት ያለው ልጅ እዚህ ሳይመረመር አይተኛም። አገራችሁ ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ቢጀምረው ግን ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ ጋምቤላ ነበርን ብላችሁ ለሐኪም ንገሩ» አለች። ማሙሽን የጎዳው ሙቀቱና የውኃ ማነስ ነበር። ኦአርኤስ በማንኪያ እየተጎነጨ ጎህ ሲቀድ ትኩሳቱ በረደ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልብሴን ቀየርኩ። ዋናው የበዓል ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚመጣበት ቀን። ባለቤቴ ማሙሽን አቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ምንም አላለም። «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሄድኩ።

ከተማው በከበሮና በእልልታ ይናወጣል። የሁሉም ክልል ጭፈራ በአንድ መንገድ ላይ ነው። በቡዛችን ፊት የሚያልፈው ሰው ማለቂያ የለውም፤ ሽያጩም ከጠበቅነው በላይ ነበር። እኔ ግን በየአሥር ደቂቃው ስልኬን አያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ልጄና አባቷ፣ ማሙሽም በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ መጡ። ፈገግ ብሏል። ተንፈስ አልኩ። ልጄ ውኃዋን ጠጣች፣ ባነሩን አስተካከለች፣ ለሁለት ሰው «ማሌ» አለች። ወንዙን ግን አልጠየቀችኝም።

ያ ከትኩሳቱ ይልቅ አስደነገጠኝ። ልጅ ሲጠይቅ ተስፋ አለው። መጠየቅ ሲያቆም «ነገ» የምትለው ቃል ትርጉሟ ገብቶታል ማለት ነው።

ማታ ለአለቃዬ ደወልኩ። ለሥራ ጉዳይ ስደውል ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ያን ዕለት ተንቀጠቀጠ። ስለ ሌሊቱ ነገርኩትና ነገ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ትንሽ ዝም አለና «ለምን እስካሁን አልጠየቅሽም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በእርግጥ ማንም አልከለከለኝም፤ የከለከልኩት እኔው ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ቡዙን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ።

ኅዳር 30፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ልጄ እጄን ይዛ ከፊት ከፊት ትመራኛለች። መንገዱን ታውቀዋለች። የማንጎው ዛፍ የት እንዳለ፣ ማን ጥሩ ዓሣ እንደሚጠብስ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚቀመጡ ታውቃለች። ሁለት ሴቶች «ማሌ!» ብለው በእጃቸው ሰላም አሏት፤ እኔን አያውቁኝም። ውኃው ሊጠጋ ሲል እጇን ዘርግታ አቆመችኝ።

«ከዚህ አትለፊ እማዬ፣ አዞ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ አለብሽ።»

ድምጿ የኔ ድምፅ ነው። ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ካቆመ ስለቆየ ባሮ መጉደል ጀምሯል፤ ዳር ዳሩ አሸዋው ወጥቷል። ፀሐይዋ ስትወርድ ውኃው ቡናማነቱን ትቶ የወርቅ መልክ ያዘ። ከድልድዩ ላይ ሰው ነፋስ ሊቀበል ይመላለሳል። ማሙሽ ጭኔ ላይ ተኛ፤ ግንባሩን ደጋግሜ ዳበስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጄ አንዲት ታንኳ እያሳየችኝ የቀዘፋውን ስልት አስረዳችኝ። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ ሳስረዳ የከረምኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ሰማሁ።

የብሔራዊ ፓርኩን ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች አላየንም፤ በሺዎች ሆነው ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰነው ሜዳ ላይ የሚጓዙትን። እሱ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። አልቆጨኝም።

ታኅሣሥ 1 ተመለስን። ለሦስት ሳምንት የማሙሽን ሙቀት ማታ ማታ ለካሁ፤ ደህና ነው። እናቴም ታረቀችኝ። ለመሥሪያ ቤቴ ባቀረብኩት ሪፖርት ውስጥ ትንሽ መጠን ያለው፣ በቀላል ዋጋ የሚሸጥ ሳሙና ቢሠራ የሚል ሐሳብ አለ፤ የማን ሐሳብ እንደሆነም ጽፌያለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ለራሴ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ኤግዚቢሽኑ ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ። ከሥራው በኋላ ሳይሆን በፊት። ቤት ውስጥ አሁንም ሶፋ የለንም።

ከቤተሰብ ጋር ለሥራ ወደ ጋምቤላ ለምትጓዙ

• የቤተሰብ ሰዓታችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ከአለቃችሁ ጋር ተስማሙበት። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

• ከጉዞው በፊት፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች፣ ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም አማክሩ። አጎበር ከቤታችሁ ያዙ።

• ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ በፍጥነት ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ተናገሩ።

• ውኃና ኦአርኤስ ከእጃችሁ አይጥፋ። ልጆች ሳይጠማቸውም አጠጧቸው።

• በበዓል ሰሞን የመኝታ ክፍላችሁን ለማረጋገጥ ከመነሳታችሁ በፊት ደግማችሁ ደውሉ።

• ወንዝ ዳር ስትሄዱ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ወደ ውኃው አትቅረቡ። ልጄ እንዳለችው።